ጨረቃ የተቀረጸባት ጠገራ ብር

ሻምበል ብርሃኔ ቡታጅራ ሲደርስ ሟቹ ተቀብረው፣ ገዳይ የተባለችው ታስራ፣ ድንኳን ተተክሎ ለቀስተኛው ቁጭ ብሎ ነበር። ለእሱ የቀረለት ሥራ መፈረም ብቻ ይመስል ነበር። እውነቱን ለመናገር እሱም ከዚያ የበለጠ ሥራ አልፈለገም። ከወልቂጤ ተነሥቶ በሐምሌ ጭቃ እየተጎተተ የመጣበት መንገድ ጉልበቱን ጨርሶታል። የጡረታ ማመልከቻ ካስገባ ከርሟል፤ መልስ የሚሰጠው ጠፍቷል። ሰው ሲሞት ግን የሚጠሩት እሱን ነው።

የሞቱት ግራዝማች ገብረእግዚአብሔር ናቸው። ከሰሜን መጥተው ዕድሜያቸውን በዳኝነት የጨረሱ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ቡታጅራን ያልለቀቁ፣ ከሰው ይልቅ አሮጌ ገንዘብ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ። የጥንት ሳንቲም፣ ጠገራ ብር፣ የተቀረጸ ድንጋይ ሲሰበስቡ ኖረው፣ በሥላሴ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከዚያው ከስብስባቸው መካከል ወድቀው ተገኙ።

ሃምሳ አለቃ ሸምሶ በሩ ላይ ሰላምታ ሰጥቶ ተቀበለው። የዚያው አገር ልጅ ነው።

«ጌታዬ፣ ነገሩ አልቋል እያሉ ነው» አለ።

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁሉም። የቤቱ ሠራተኛ ከድጄ ናት ይላሉ። ግራዝማች ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት ጠገራ አንገቷ ላይ ተገኘች። ከምሳ በኋላ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ሸምሶ ጭቃውን አየ። «ያሰርኳት እኔ ነኝ። እናቷንም አውቃለሁ። ልጅቷ ዛሬ ከሄደች ተመልሳ የምትመጣ አይመስለኝም።»

ግራዝማች የሞቱበት ክፍል ጠባብ ነው። ወለሉ ላይ ሰይፍ የተቀረጸበት የትክል ድንጋይ ስባሪ ተጋድሟል፤ ከሶዶ በኩል አስጭነው ያመጡት ነው። ጫፉ ላይ ደም ደርቋል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር እንዳለው ቁስሉ አንድ ብቻ ነው፤ ከማጅራታቸው ከፍ ብሎ። ሻምበል ድንጋዩን ሊያነሣ ሞከረና ወገቡን ይዞ ተወው።

«ይህን አንሥቶ ሰው የሚመታ ጎረምሳ እንኳ አይገኝም» አለ። «ሰውየው ናቸው ወደ ድንጋዩ የሄዱት። ወይ ወድቀዋል፣ ወይ ተገፍተዋል።»

ጠረጴዛው ላይ ሣጥን ተከፍቶ ተቀምጧል። ውስጡ በነጭ አቡጀዲ ተለብጦ፣ ለእያንዳንዱ ገንዘብ ማረፊያ ጎድጓዳ ቦታ ተበጅቶለታል። የአክሱም ነው የሚባል ጥፍር የምታህል ሳንቲም አለች፤ አንበሳ ያለባቸው የምኒልክ ብሮች አሉ፤ ከዚያ ጠገራዎቹ ተደርድረዋል። በአንደኛው ጫፍ በልጥ የታሰረ አሞሌ ጨው ተጋድሟል። ከሣጥኑ አጠገብ ትንሽ ሞረድ አለች፤ ጥርሷ ላይ ነጭ ብናኝ ቀርቷል።

«ጨው እዚህ ምን ይሠራል?»

«ግራዝማች በቅርቡ ቆሼ ገበያ ከአንድ ሽማግሌ ያገኙት ነው። ይህም በጊዜው ገንዘብ ነበር ብለው ከገንዘቡ ጋር አስቀመጡት። ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር።»

አሞሌው በክረምቱ እርጥበት አልቦ አቡጀዲውን አርሶታል። ሻምበል ጠገራዎቹን አንድ ባንድ እያነሣ ከሥራቸው ያለውን ጨርቅ አየ። አምስቱ ያረፉበት ጨርቅ አረንጓዴ ሆኗል። ብሮቹ ግን ንጹሕ ናቸው። ወደ መስኮቱ ወስዶ አገላበጣቸው። የአምስቱም ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ተሞርዶ ያበራል።

የሚፈርመው ወረቀት እየራቀው እንደሄደ ያን ጊዜ ገባው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።

ከድጄ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጠገራዋ ሃምሳ አለቃው እጅ ናት፤ ማንጠልጠያ ያላት፣ ጠገራ ላይ ካለችው ንግሥት መልክ በላይ ግማሽ ጨረቃ የተቀረጸባት ብር። በአገሩ እንደሷ ያለች ሁለተኛ የለችም ይላሉ።

«ከየት አመጣሻት?» አላት።

«የእናቴ ናት፣ ጌታዬ። አባቴ የመሬት ክርክር ሲገጥመው ከእናቴ አንገት ፈትቶ ለግራዝማች እጅ መንሻ ሰጣት። መሬቱም ሄደ፣ ብሯም ሄደች።»

«አንቺ ጋ እንዴት ተመለሰች?»

«ይህን አልናገርም። ወላሂ ብዬ ምያለሁ።»

«ሊሰቅሉሽ ይችላሉ እኮ።»

«አውቃለሁ።» የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እትዬ ወለተጊዮርጊስ እህል ቀመሱ?» ስትል ጠየቀችው።

እትዬ የምትላቸው የግራዝማች ሚስት ናቸው። ሻምበል አለመቅመሳቸውን ነገራት። ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

የግራዝማች የወንድም ልጅ ፈቃደ መምህር ነው፤ ወራሽም እሱ ነው። ሻምበልን ያነጋገረው ድንኳኑ ጀርባ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነበር።

«ሣጥኑን አይቼዋለሁ» አለ። «በጨረቃዋ ቦታ ተራ ጠገራ ገብቷል። ሌላው አልጎደለም።»

«በሥላሴ ዕለት እዚህ ነበርክ?»

«ምሳ በልቻለሁ። እትዬ አንግሠው መጥተው፣ የጠገራ ድሪያቸውን እንዳደረጉ ምሳ አቀረቡልን። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቡኢ የሚሄድ መኪና አግኝቼ ተሳፈርኩ። አብሮኝ የተሳፈረውን ሰው ሁሉ መጠየቅ ይችላሉ።»

«ስብስቡን ምን ልታደርገው ነው?»

«እሸጠዋለሁ። የሚፈልግ ፈረንጅ አለ። ምነው፣ ወንጀል ነው?»

«አይደለም» አለ ሻምበል። ግልጽነቱን ወደደለት፤ ሰውየውን ግን አልወደደውም።

አሮጌ ብር የሚነግደው ሙሀመድአወል ገበያው ዳር በሱቁ ተቀምጧል። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብሎ በርጩማ አቀረበለት።

«ነሐስ ብር ትቀባለህ ይባላል።»

«የትክል ድንጋዩን ሊያዩ ለሚመጡ ፈረንጆች ነው። የውሸት መሆኑን ነግሬ ነው የምሸጠው።»

«ግራዝማችን ማታለል ይቻል ነበር?»

«ድሮ አይሞከርም። አሁን ግን ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ገንዘባቸውን በጣታቸው ነበር የሚያዩት።»

«ብር የተቀባ ነሐስ፣ አሞሌ አጠገብ በክረምት ቢቀመጥ ምን ይሆናል?»

ነጋዴው ሚዛኑን ከወዲያ ወዲህ አደረገ። «ይበላሻል» አለ ቆይቶ።

በመጨረሻ ሻምበል ድንኳኑ ውስጥ ከጎረቤቷ ከወይዘሮ መሰለች አጠገብ ተቀመጠ። ባለ ሐዘኗ ከፊት ምንጣፍ ላይ ናቸው፤ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ጩኸቱን ሰምቼ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ» አለች መሰለች በሹክሹክታ። «ደረታቸውን ሲደቁ ያዝኳቸው። እንደ ወጉ ጉትቻቸውን ፈታሁ፤ ቀለበታቸውንም አወለቅሁላቸው።»

«ድሪያቸውንስ?»

መሰለች አሰበች። «ድሪ አልነበራቸውም። እጄን ብሰድ አንገታቸው ባዶ ነበር። ምነው ጠየቁኝ?»

«እንዲሁ ነው» አለ ሻምበል።

የሣልስቱ ጸሎት እንዳበቃ ሁሉንም እንግዳ መቀበያው ክፍል ሰበሰባቸው። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስን ወንበር ላይ አስቀመጡ። ፈቃደ መስኮቱን ተደግፎ ቆመ፤ ሙሀመድአወልና መሰለች በሩ አጠገብ ናቸው። ሸምሶ ከድጄን ከነገመዷ አመጣት። የሚወስዳት መኪና ደጅ ሆኖ ሞተሩ ያጓራል።

«አላቆያችሁም» አለ ሻምበል ብርሃኔ። «ወጣት ሳለሁ ምጽዋ አገልግያለሁ። የባሕሩ ጨው የልብሴን ነሐስ ቁልፍ በየሳምንቱ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ እኔም በየሳምንቱ እቀጣለሁ። ካፒቴኔ ኪስ ውስጥ ያለው ብር ግን ሲጠቁር እንጂ እንደዚያ ሲሆን አላየሁም። እዚህ ሣጥን ውስጥ አምስት ቦታ አረንጓዴ አለ፤ በላዩ ያለው ግን ብር ነው። ስለዚህ ቀደም ሲል በነዚህ ቦታዎች የነበረው ብር የተቀባ ነሐስ ነው። አንድ ሰው እውነተኞቹን አውጥቶ በውሸት ተክቷቸዋል። ግራዝማች አላወቁም። አሞሌውን ሲያመጡ ግን ጨው አጋለጠው።»

«ይቺው ናታ» አለ ፈቃደ ወደ ከድጄ አገጩን ቀስሮ።

«ቆይ። ከሞቱ በኋላ የሆነውን ስማ። አንድ ሰው የዛጉትን ነሐሶች አነሣና በቦታቸው እውነተኛ ብር ከተተ። ሌባ ብር ይወስዳል፤ ይህኛው ግን የራሱን ብር ሰጠ። ከድጄ ከዚያች ጨረቃ በቀር ብር የላትም። ሙሀመድአወል ቢሆን ነሐሱን በሌላ ነሐስ ይተካ ነበር እንጂ ብሩን አያባክንም። አንተ ደግሞ ያን ሰዓት ወደ ቡኢ መንገድ ላይ ነበርክ፤ ሃምሳ አለቃው አጣርቷል።»

 ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ቀና አላሉም።

«የገቡት አምስት ብሮች ጠርዛቸው ተሞርዷል። ማንጠልጠያ ነበራቸው ማለት ነው። ከአንገት የወረዱ፣ ከድሪ የተፈቱ ብሮች ናቸው። የተሞረዱትም እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በሟቹ ሞረድ ነው። የማን ድሪ ነው?» ሻምበል ወለሉን እያየ ነው የሚናገረው። «የዚህ ቤት እመቤት በዚያ ቀን ምሳ ሰዓት ድሪ አድርገው ነበር። ወይዘሮ መሰለች ስትደርስ ጉትቻቸው ጆሯቸው ላይ ነው፤ ቀለበታቸው ጣታቸው ላይ ነው፤ አንገታቸው ግን ባዶ ነው። ትናንትም ዛሬም ባዶ አንገታቸውን ያየ ሰው ሁሉ ለሐዘን ነው ብሎ አልፏል። እኔም አልፌ ነበር። ነገር ግን ሰው ጌጡን ለሐዘን የሚያወርደው ሞት ከተነገረ በኋላ ነው፤ የሚፈታለትም ሌላ ሰው ነው። ያ ድሪ የወረደው ጩኸቱ ሳይሰማ ነው።»

«ይብቃዎት፣ ሻምበል» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ።

የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱት። አምስት አረንጓዴ ነሐሶች ምንጣፉ ላይ ወደቁ። አንዷ ላይ ግማሽ ጨረቃ አለች።

«መጋረጃ ኋላ ተቀምጬ ነው ያረጀሁት» አሉ። «ሰው ይመጣል፤ ከሚስቱ አንገት፣ ከልጁ ክንድ የፈታውን ይሰጣል። እሳቸው ይቀበላሉ። ፍርዱ ሌላ ነገር ነው። እኔ እንጀራውን በላሁበት። ሳረጅ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሙሀመድአወልን የውሸት አሠራሁት፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። እውነተኛውን በከድጄ እጅ አንድ ባንድ ለባለቤቱ መለስኩ። የራሷን መጨረሻ ሰጠኋት፤ ማንም እንዳይሰማም አስማልኳት።»

«በሥላሴ ዕለትስ?»

«ጣታቸው ሻካራውን ነካ። ከድጄ ናት አሉ፤ መንደሯን አስፈትሻለሁ፣ አሳስራታለሁ አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። አላመኑኝም። ሣጥኑን ታቅፈው ሊወጡ ሲሉ ያዝኩት። ጎተቱ፤ ጎተትኩ። ከዚያ ደከመኝና ለቀቅሁት።» እጃቸውን አዩት። «ወደ ኋላ ሄዱ። ስደርስባቸው አልቀው ነበር። የተበተነውን ለቅሜ መለስኩ። የዛገውን ሰው እንዳያይ ድሪዬን በተንኩት። ሌላ ጨረቃ ግን አልነበረኝም።»

ሻምበል ብርሃኔ ያልፈለገውን ጥያቄ መጠየቅ ነበረበት። «ይቺ ልጅ ስትታሰር ለምን ዝም አሉ?»

«ከቀብር በኋላ እናገራለሁ አልኩ። ከቀብር በኋላ ደግሞ ከሣልስት በኋላ አልኩ።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሸምሶ ሳይታዘዝ የከድጄን ገመድ ፈታ። ከዚያ ጨረቃዋን ከኪሱ አውጥቶ ሻምበልን አየው። «ይቺስ ኤግዚቢት አይደለችም?»

«ኤግዚቢት አምስት ነሐስ አለን፤ ይበቃናል። ለልጅቷ ስጣት።»

«የስብስቡ ናት እኮ» አለ ፈቃደ።

«እንዴት ወደ ስብስቡ እንደገባች ችሎት ፊት እንዲነገር ትፈልጋለህ?»

ፈቃደ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሻምበል ሕጉን ያውቃል። ከሳሽ የሚለውንም፣ ጠበቃ የሚለውንም አሁኑኑ ሊያወራው ይችላል። አሮጊቷ የሚታሰሩት ለጥቂት ዓመት ይሁን ለብዙ አያውቅም፤ ወደዚህ ቤት ግን ዳግም እንደማይመለሱ ተሰማው፤ አዘነም። መፍትሔ ሲያገኝ ደስ የሚለው ዕድሜ አልፎበታል።

ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በመሰለች ተደግፈው እስከ መኪናው ሄዱ። ከድጄ ከኋላ ሮጣ ደረሰችባቸው። እጇ ላይ ገመዱ የተወው ምልክት አለ። የተመለሰችላትን ጨረቃ ከአንገቷ አውልቃ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

«እትዬ፣ አንገትዎ ባዶ ነው» አለች።

አሮጊቷ ብሯን አዩዋት፤ በጣታቸውም ነኳት። ከዚያ የልጅቷን እጅ ቀስ አድርገው መልሰው ዘጉት።

«ሐዘን ላይ ነኝ እኮ፣ ልጄ» አሏት።

ሻምበል ብርሃኔ የመኪናውን በር ከፈተላቸው።