ለልዑሉ ቀን የተበጀ ውሸት

አዲሱ ሰው ድምፁ ወፍራምና ጥሩ ነበር፤ ዓይኑ ግን የመዘምራኑን መሪ አያይም። ጎደሊቭ ይህን ያወቀችው እሷም መሪውን ስላላየች ነው።

የልዑሉ ቀን እየተቃረበ ነበር። በየዓመቱ ኦክቶበር አሥራ ሦስት አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ፣ ነጻነቱን ሳያይ የተገደለበትን ልዑል ሩዋጋሶሬን ያስባል። ጠዋት ቅዳሴ አለ፤ ከዚያ ቡጁምቡራን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ፣ መቃብሩ ላይ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። የቡዊዛ ሰፈር መዘምራን ለዚያ ዓመት ቅዳሴ ስለተመረጡ ከሥራ መልስ ይለማመዱ ነበር። ከተማዋ በሰልፍና በተኩስ ከታመሰች ገና ዓመት መሙላቱ ነው። ሰው በሹክሹክታ ይነጋገራል፤ አዲስ ፊት ሲያይም ወሬውን ወደ ዝናብና ወደ ገበያ ያዞራል።

ከልምምድ ሲወጡ ሰውየው ከኋላዋ ደረሰባት።

«ታርሲስ እባላለሁ። ሐይቁ ዳር የጀልባ ሞተር ነው የምጠግነው።»

«ከሽታህ አውቄዋለሁ» አለችው። ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር።

ሳቀ። «ኮረብታሽ የት ነው?»

የእሷ ሳቅ አፏ ላይ ደረቀ። እዚያ አገር ሰው ትውልዱን በኮረብታው ስለሚጠራ፣ በደጉ ጊዜ ይህ ጥያቄ ሰላምታ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከነማን ወገን ነሽ ማለት ነው።

«ቡዊዛ» አለች።

«ቡዊዛ ሜዳ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ኮረብታ የለኝም።»

ቤት ስትገባ እናቷ ኢማኪዩሌ ባቄላ ትለቅም ነበር። ነገረቻት።

«ወጣት ነው?»

«ነው።»

«መልከ መልካም?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ማማ።»

«መልከ መልካም ነው ማለት ነው» አለች እናቷ፣ ቀና ሳትል። «ተጠንቀቂ።»

የሚያስጠነቅቅ ነገር ነበራቸው። ባለፈው ዓመት የጎደሊቭ ወንድም ክላቬር ከተማሪዎች ጋር ሰልፍ ወጥቶ ስሙ ተይዞ ነበር። አክስቱ ቤት ተደብቆ ሳለ ጎህ ሲቀድ ሰዎች መጡበት። እሱ በጓሮ አጥር ዘሎ አመለጠ፤ አክስቱን ግን ስለደበደቧት እስከ ዛሬ አንዱ ጆሮዋ አይሰማም። የት እንደተደበቀ የሚያውቁት እናቱና እህቱ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ይሙት ይዳን አልተሰማም። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ፤ ስለዚያ ጠዋት ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

ታርሲስ አልተወም። ከልምምድ በኋላ እየሸኛት፣ የተቆላ ኦቾሎኒ እየገዛላት፣ ስለ ዓሣ አጥማጆች ውሸት እየነገራት ሳምንቱ አለፈ። አንድ ቀን የስፌት መኪናዋ ሲበላሽባት መጥቶ ፈታው፤ ሲገጥመው አንድ ብሎን ተረፈው።

«ይሄስ?» አለችው።

«ይሄ ትርፍ ነው። ፋብሪካው አብዝቶ ነው።»

መኪናው ሠራ። ጎደሊቭ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቡ ሆና ሳትጠነቀቅ ሳቀች፤ እሱም ብሎኑን እያሻሸ ዝም ብሎ አያት። እይታው ስለቆየባት ሌላ ጨርቅ አንስታ ያልተቀደደ ቦታ መስፋት ጀመረች።

በሌላ ቀን ከሐይቁ ሙኬኬ ዓሣ ይዞ መጣ። ኢማኪዩሌ ዓሣውን ወሬ የተደበቀበት ይመስል ግራና ቀኝ እያገላበጠች አየችው። ያም ሆኖ ጠበሰችው፤ ጠብሳም ጭንቅላቱን ራሷ በላችው።

አንዳንድ ቀን ግን ታርሲስ ከልምምድ ይጠፋል። የት ነበርክ ሲባል «ሥራ» ይላል፤ ምን ሥራ እንደሆነ አይናገርም። እንዲህ ጠፍቶ በተመለሰ በማግስቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ፣ ጎደሊቭ የእናቷ ዝምታ እንደከበዳት አወራችው።

«ለክላቬር እያዘነች ነው» አላት፣ ጣቷን በቀስታ ጨብጦ።

ጎደሊቭ መራመዷን አላቆመችም፤ እጇንም አልነጠቀችም። ነገር ግን ወንድም እንዳላት እንጂ ስሙን አልነገረችውም ነበር። ያን ስም ለማንም አትጠራም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለፈውን ሁሉ ደግማ አሰበችው። ኮረብታዋን መጠየቁ፣ መጥፋቱ፣ ዓሣው፣ የተረፈው ብሎን ሳይቀር ሌላ መልክ ያዘባት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ይህን ሁሉ እያሰበች ልምምድ የሚያልቅበትን ሰዓት መናፈቋ ነበር። በመጨረሻ አንድ ውሸት አበጀች።

«ለማንም እንዳታወራ» አለችው የልዑሉ ቀን ሲደርስ። «ወንድሜ ለበዓሉ ይመጣል። መቃብሩ ጋ ከሰው ተቀላቅሎ ሊያየን ነው።»

የታርሲስ ፊት ተለወጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሱ ላከብኝ።»

«ራሱ?»

«አዎ፣ ራሱ።»

እጇን ለቀቀው። ደህና እደሪ እንኳ ሳይላት ሄደ። ጎደሊቭ በልቧ፣ ሊናገር ቸኩሎ ነው አለች። ወንድሟ ስለማይመጣ የሚያዝ ሰው የለም፤ አሳዳጆቹ ኮረብታው ላይ ከታዩ ግን ታርሲስ ማን እንደሆነ ታውቃለች። እናቷን ሙቀቱ ይጎዳሻል ብላ ቤት አስቀረቻት።

በበዓሉ ዕለት ታርሲስ ቅዳሴው ላይ ቆሞ ነበር፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን አይወጣም። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ወደ ኮረብታው ወጣ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ባለሥልጣናቱ ጉንጉናቸውን አስቀምጠው፣ የወታደር ሙዚቃ ተነፍቶ፣ ሰው በጸጥታ ሲቆም ጎደሊቭ ስለ ልዑሉ አላሰበችም። ጥቁር መነጽር ያደረገውን ሁሉ ትቆጥራለች። ስልክ የሚያወራው ማንን ነው የሚጠብቀው? ኦቾሎኒ ሻጩ ለምን አይጮኽም? አንድ ጎረምሳ ሴቶቹን አንድ በአንድ እያስቆመ ሲጠይቅ ከሰው ኋላ ተሸሸገች፤ ለካ የጠፋችበትን ሚስቱን ነበር የሚፈልገው።

ማንም አልመጣም። ሰው መበተን ሲጀምር ታርሲስን መንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆሞ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«አልመጣም» አላት። «እንደማይመጣም ታውቂያለሽ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ክላቬር ኪጎማ ነው ያለው፣ በሐይቁ ወርዶ፣ ድንበር ተሻግሮ። ባለፈው ሳምንት አብረን ባቄላ በልተናል። ሊመጣም አላሰበም፣ ላንቺም ቃል አልላከም። ታዲያ ይመጣል በይ ያለሽ ማን ነው? ማንን ልታስይዢ ነበር?»

ጎደሊቭ የተጠየቀችውን አልሰማችም።

«በሕይወት አለ?»

«እኔ የምጠይቅሽን…»

«ታርሲስ፣ በሕይወት አለ ወይ?»

«አለ» አላት፣ ድምፁ እየለዘበ። «ከስቷል። ጢም አሳድጓል፤ አያምርበትም።»

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። የሚያልፈው ሰው ለልዑሉ የምታለቅስ መስሎት አንገቱን ደፋ። ታርሲስ ጎንበስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ውሸቱ ላንተ ነው የተበጀው» አለች። «ሳልነግርህ ስሙን ጠራኸው። ሰላይ መሰልከኝ፤ ለማን እንደምትናገር ለማየት ነበር።»

«እኔም ስላንቺ ያሰብኩት እሱኑ ነው።»

«እኔ? በገዛ ወንድሜ?»

ታርሲስ ዓይኑን ወደ ሐይቁ አዞረ። ያኔ ነገሩ ገባት።

«እሱ ነው የላከህ።»

«ከጭነት ጀልባ ጋር ሞተር ጠባቂ ሆኜ እሻገራለሁ፤ እዚያ ነው የተዋወቅነው። ወሬ ላድርስልህ ስለው፣ መጀመሪያ ማን እንደጠቆመብኝ ልወቅ አለኝ። ወይ እህቴ ናት ወይ እናቴ፤ ጠጋ ብለህ እይልኝ አለኝ።»

በጥፊ ብትመታ ይሻላት ነበር።

«ኦቾሎኒውም ለዚሁ ነበር? ዓሣውም?»

«ኦቾሎኒው አዎ።»

«ዓሣውስ?»

«ዓሣውን ሳመጣ ለምን እንደመጣሁ እየረሳሁ ነበር። ስሙም አፌን ያመለጠኝ ለዚያ ነው። አንቺ አጠገብ ስሆን መጠንቀቅ እያቃተኝ ሄደ።»

ከበላያቸው ሰዎች እያወሩ ይወርዳሉ። ጎደሊቭ ፊቷን ጠረገች።

«አሁንስ ታምነኛለህ?»

«ማስረጃ የለኝም።»

«ማስረጃ መች ጠየቅኩህ?»

«አምንሻለሁ» አላት።

«እኔ ገና ነኝ» አለችው። «ኪጎማ ውሰደኝ። ፊቴን እያየ ራሱ ይጠይቀኝ።»

ቤት ስትገባ ክላቬር በሕይወት እንዳለ ለእናቷ ነገረቻት። የላከውንም ጥያቄ አልደበቀችም። ኢማኪዩሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔም አንቺ ነሽ ብዬ ነበር» አለች፣ ወለሉን እያየች። «ዓመት ሙሉ በልቤ።»

«እኔም አንቺን ነበር፣ ማማ።»

ያን ምሽት እናቷ፣ ጎደሊቭ ልጅ ሳለች እንደምታደርግላት ፀጉሯን ፈትታ ሠራችላት።

ጎደሊቭ ጨርቅ ልገዛ ነው ብላ በጭነቱ ጀልባ ተሳፈረች። ክላቬር ኪጎማ ዳርቻ ቆሞ ይጠብቃል፤ በእርግጥም ጢሙ አያምርበትም። ሊያቅፋት እጁ ተነሣና ተመለሰ።

«ጎዴ፣ አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ማማ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ ማነው?»

«አላውቅም። ምናልባት ምግብ ስናመላልስ ያየን ጎረቤት ነው። ምናልባት አንተው ሲጋራ ልትገዛ ስትወጣ ታይተህ ነው። እኔ ያለኝ ቃሌ ብቻ ነው፤ ካልበቃህ በመጣሁበት ጀልባ እመለሳለሁ።»

ክላቬር ወደ ታርሲስ ዞረ። «አንተስ? ለዚህ አይደል የላክሁህ?»

«የእኔ ፍርድ አይታመንም» አለ ታርሲስ። «ላገባት እፈልጋለሁ።»

«እሺ ብላሃለች?»

«ገና አልጠየቅኳትም።»

ክላቬር ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁም መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። እህቱን ስቦ አቀፋት። አንገቱ ሥር እንደሆነች ጎደሊቭ ዞር ብላ ታርሲስን አየችው።

«ጠይቀኝ እንጂ» አለችው። «እዚሁ ቆሜ አይደል?»

ጥቆማው የማን እንደነበር ከዚያም በኋላ አልታወቀም። ሠርጉን ኪጎማ ደገሱት፤ ኢማኪዩሌ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐይቁ ላይ ድንበር ተሻገረች። ከጀልባው ስትወርድ ክላቬር አንገቱን ደፍቶ ቀረባት። እናቱ መጀመሪያ በጥፊ አለችው፤ ከዚያ አቅፋ፣ እንግዳው ሁሉ እስኪራብ ድረስ አልለቀቀችውም።