ይቅርታ ለመብራት ምሰሶ

ትራሙ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ የሊንዚን እግር ረገጠ። ሊንዚ «ውይ፣ ይቅርታ» አለችው። የተረገጠችው እሷ፣ ይቅርታ ጠያቂዋም እሷ።

ዴሚ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እናቷ እንዲህ ናት። በር ለሚዘጋባት ይቅርታ፣ ሻይ ለሚደፋባት ይቅርታ፤ አንዴማ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላትማ ምሰሶውን ይቅርታ ጠይቃዋለች። በዚህች ምድር ላይ ይቅርታ ያልተባለች ፍጥረት ብትኖር ዴሚ ናት።

ነገሩ አራት ዓመት ሆኖታል። አያቷ ዕድሜውን በዓሣ መርከብ ላይ የጨረሰ ሰው ነበር። በየልደቷ ትንሽ ትንሽ እያለ በስሟ ባንክ አስቀምጦላት ሞተ። ዴሚ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት የክፍሏ ልጆች ተራራ ሊወጡ ተነሱና እሷም ከዚያው ልታወጣ ሄደች። ባዶ ነው። ለልጅ የሚፈርመው ወላጅ ነውና ሊንዚ ፈርማ ለልብስ ሱቋ ኪራይ አውጥታዋለች። «እመልሰዋለሁ» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። ልጆቹ ተራራ ወጡ፣ ዴሚ ቤቷ ቀረች።

ሱቁም አልዳነም። የግማሹ የፍሊትዉድ ከተማ ልጆች የትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸውን የሚገዙበት ሱቅ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ተዘጋ። ፍርድ ቤት ሊንዚን ከስራለች ብሎ ወሰነ። በዚያው ሰሞን ባንኩ ሒሳቧን ዘጋባት፣ ካርዷም ገበያ አዳራሽ ውስጥ እንቢ አለ፤ ዳቦና ወተቱን ባንኮኒው ላይ ትተው ወጡ። ሊንዚ ገንዘብ ተቀባይዋንም ይቅርታ ጠየቀቻት።

አሁን ሥራ ተገኝቷል። የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ ልብስ ማጠብ ነው። ነገር ግን ኃላፊዋ ሚስስ ክሌግ ደሞዝ በእጅ አትከፍልም። «ዛሬ ቢሮ ሳይዘጋ የባንክ ቁጥር ስጪኝ። በልጅሽም ስም ቢሆን ግድ የለኝም። ካልሆነ ግን ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ» ብላለች።

«ዴሚዬ» አለች ሊንዚ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለአንድ ወር ብቻ ባንቺ አካውንት ቢገባስ?»

ዴሚ ቅዳሜ ቅዳሜ ካፌ ውስጥ ሳህን ታጥባለች። የባንክ ካርዷን ራሷ ነች ያወጣችው። ማታ ማታ ከትራሷ ሥር ታስቀምጠዋለች።

«አንዴ ገብተሽበታል እማ። በቃሽ።»

ትራሙ ብላክፑል ከተማ አደረሳቸው፤ የሚሞክሩት ሦስተኛ ባንክ እዚያ ነው።

ጠዋት ሁለት ባንክ ሞክረው ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስለ ዕዳ በነፃ የምትመክረው ሴትዮ አስረግጣ ነግራቸዋለች። «ገና ስትገቡ፣ ከስሬአለሁ፣ መሠረታዊ አካውንት ነው የምፈልገው በሏቸው። ብድር የሌለው፣ ደሞዝ ብቻ የሚገባበት። ለከሰረም ሰው የሚሰጡ አሉ። ዝም ካላችሁ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ስማችሁን የከሰሩ ሰዎች መዝገብ ላይ ፈልገው ይመልሷችኋል።» ሊንዚ ራሷን ነቀነቀች፣ አመሰገነች። ባንኩ ስትደርስ ግን «ከስሬአለሁ» የምትለዋን ቃል ዘለለቻት። ሁለቱም ቦታ «አካውንት ለመክፈት ነበር፣ ካላስቸገርኩ» አለች። ሁለቱም ቦታ ስሟን ፈለጉ፣ መለሷት። ሁለቱንም ይቅርታ ጠይቃ ወጣች።

ሦስተኛው ባንክ ውስጥ ሰልፉ ረጅም ነው። እዚያ ሰልፍ ላይ ሰው አያወራም፤ የፊተኛውን ሰው ጀርባ ያያል፣ በቃ። ዴሚ ወደ ኋላ ዞር አለችና ቶሎ ፊቷን መለሰች። ሚስስ አስፒናል ቆማለች። ለመንታ ልጆቿ ኮት ቀብድ ከፍላ፣ ሱቁ ሲዘጋ ኮቱም ቀብዱም የቀረባት ሴት።

ሊንዚም አይታታለች። አንገቷ ቀላ።

«እማ፣ ቃሉን በይ እሺ?»

«እሺ አልኩ።»

ተራቸው ደረሰ። ወጣቱ ሠራተኛ ፈገግ አለ። «ምን ልታዘዝ እትዬ?»

«አካውንት ለመክፈት ነበር» አለች ሊንዚ በሹክሹክታ። «ካላስቸገርኩ።»

«የተለመደው ዓይነት?»

«አዎ። የተለመደው።»

ልጁ መጻፍ ጀመረ። ዴሚ ጣቶቹን አየች፣ እናቷን አየች። ሊንዚ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠምዝዛ ጠምዝዛ ልትበጥሰው ደርሳለች። ትንሽ ቆይቶ የልጁ ፈገግታ ጠፋ። «አዝናለሁ እትዬ፣ ሲስተሙ አልተቀበለውም።»

«አይ ምንም አይደል። ይቅርታ፣ ጊዜህን ወሰድኩብህ።» ሊንዚ ለመሄድ ዞረች።

ዴሚ ንቅንቅ አላለችም።

«እናቴ ከስራለች» አለች። ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «ፍርድ ቤት የወሰነው ነው። የምትፈልገው መሠረታዊ አካውንት ነው። ለከሰረ ሰው ትሰጣላችሁ ወይስ አትሰጡም?»

ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር። ከኋላ ግን ሚስስ አስፒናል፣ «አካውንት መክፈቱንማ ታውቅበታለች። የልጆቼን ኮት ነው ያላወቀችበት» አለች።

ሊንዚ እንደ ተመታ ሰው ቆመች። ይቅርታ እንኳ አላለችም።

ልጁ ወደ ጓዳ ገብቶ ተመለሰ። «እንሰጣለን» አለ፤ ሰልፉ እንዳይሰማው ጎንበስ ብሎ። «ይህን ዓይነቱን የምትከፍተው ሠራተኛ ግን ማክሰኞ ነው የምትገባው። መታወቂያ፣ አሁን የምትኖሩበትን አድራሻ የሚያሳይ ነገር፣ ከፍርድ ቤት የተሰጣችሁን ወረቀት ይዛችሁ ኑ። መልሱ በፖስታ ይመጣል።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አለች ዴሚ።

«እሱን እንኳ እኔ አላውቅም።»

የሊንዚ መንጃ ፈቃድ ላይ ያለው አድራሻ የተዘጋው ሱቅ ነው። ሁለቱም ያውቁታል፤ ሁለቱም አላነሱትም።

ከትራም ማቆሚያው ጣሪያ ሥር ተቀመጡ። ዝናቡ ከባሕሩ በኩል በአግድም ይመታል። ሊንዚ ስልኳን አወጣች።

«ለማን ነው?»

«ለሚስስ ክሌግ። ይቅርታ፣ አልተሳካልኝም ልበላት። ቦታውን ለሌላ ሰው ትስጠው።»

«እማ!»

«ከተማው ሁሉ ሰማ ዴሚ። ምን ቀረኝ?»

«ሰምቶ ነበር እኮ። የፍርድ ቤቱ ወረቀት በሱቁ በር ላይ ተለጥፎ አልነበር? አንቺ ብቻ ነሽ ያልተሰማ የመሰለሽ።»

ሊንዚ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጃንጥላው ተገልብጦበታል፤ ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ይስቁ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ዴሚ። «ለምሰሶ ይቅርታ ትያለሽ። ለእኔ ለምንድን ነው ያላልሽው?»

ሊንዚ የስልኩን መስታወት በእጅጌዋ ጠረገች። ዓይኗ ውሃ ሞላ እንጂ አልፈሰሰም።

«ለሰው ስለው ምንም አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ትንፋሽ ነው። ላንቺ ያልኩት ቀን ግን...» አልጨረሰችውም።

ዴሚ ጠበቀች። አራት ዓመት የጠበቀች ልጅ ትንሽ መጨመር አያቅታትም። ግን ይቅርታው አልመጣም። ትራሙ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ በሩ ተዘጋና ሄደ። እነሱ እዚያው ናቸው። አባቷን የቀበረች፣ ሱቋን የቀበረች ሴት ጫማዋ ውሃ ገብቶበት አጠገቧ ተቀምጣለች። ያቺ «ይቅርታ» ላትመጣም ትችላለች፤ ዴሚ ይህን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ብታውቀውም አልቀለላትም።

እጇን ዘርግታ የእናቷን ስልክ ወሰደች።

«ማክሰኞ ዕለት» አለች፣ «ከስሬአለሁ የምትይው አንቺ ነሽ። እኔ አልልልሽም። ከጎንሽ እቆማለሁ እንጂ።»

ሊንዚ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ዴሚ ደወለች፤ ስልኩ ተነሳ። «አቤት፣ ክሌግ ነኝ» አለ አንድ የተሰላቸ ድምፅ። «ልንዘጋ ነው።»

«የሊንዚ ልጅ ነኝ። የባንክ ቁጥሩን ልሰጥዎት ነው። የእኔ ነው፤ የራሷ እስኪወጣ።»

«በይ እየጻፍኩ ነው።»

ዴሚ ካርዷን ከካልሲዋ ውስጥ አወጣች። የዝናቡን ጠብታ በአውራ ጣቷ ጠረገችና ቁጥሩን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች። እናቷ ወደ ባሕሩ ዞራ ታዳምጣለች። የመጨረሻው ቁጥር ላይ ስትደርስ ዴሚ ቆም አለች።

«ሄሎ? አንድ ይጎድላል እኮ» አለች ሚስስ ክሌግ።

«አለሁ» አለች ዴሚ፤ እሱንም ሰጠቻት።