ጠያቂዋን ያባረረ አራስ ቤት

ወይዘሮ ዳጪ አዲስ አበባ፣ ጎሮ ሰፈር ውስጥ ከልጃቸው ከምልኬሳና ከምራታቸው ከሄሊና ጋር ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ "የጨዋ ቤት" ይለዋል። በር ተዘግቶ ሰው የሚደበደብበትን ቤት ጨዋ የሚያሰኘው ምኑ ነው? ምልኬሳ ሲስቅ ደግ ሰው ነው፤ ሲናደድ ግን እጁን አይገዛም። ወሎ ሰፈር ይሠራበት የነበረው ጋራዥ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ ንዴቱ ባሰበት። እናቷን በልጅነቷ የቀበረችው ሄሊና ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ አስመረት የምትባል ነርስ "ቤት ውስጥ የሚያስፈራሽ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀቻት።

"እኔስ ለምጄዋለሁ" አለች ሄሊና እንባዋን እየጠረገች። "ለሚወለደው ነው የምፈራው።" አስመረትም ስትወልድ ቤቷ ድረስ መጥታ እንደምትጠይቃት ነገረቻት።

ፌናን ተወለደች። ወይዘሮ ዳጪ ምራታቸውን በገንፎና በአጥሚት ሲያርሷት እንደ እናት ነበሩ፤ ይህን መካድ አይቻልም። አስመረት እንዳለችውም መጥታ በሩን አንኳኳች። አሮጊቷ ገርበብ አድርገው ከእግር እስከ ራሷ ገላመጧት።

"አራስ ናት። ባዕድ አይገባም።"

"እማማ፣ ላግዛቸው ነው የመጣሁት። ሕፃን አልተኛ ሲል ለአባትም ይከብዳል። እሱንም ባነጋግረው..."

"ልጄ ምን አደረገ? ትዳር ልታፈርሺ ነው? ክርስትና ስትነሳ ተመለሺ።"

ምልኬሳ ከጓዳ ወጣ። "ማነው የላካት?" ብሎ ሚስቱ ላይ አፈጠጠ። ሄሊና ነርሷን በመጋረጃው በኩል አየቻት፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች።

"አላውቃትም" አለች።

አስመረት ሌላ ጊዜም መጣች፤ የከፈተላት የለም። ወይዘሮ ዳጪ "ሰላይ ላኩብን" እያሉ አሟት። ጎረቤቱም በግድግዳው በኩል ጩኸቱን እየሰማ "የሰው ገመና ነው" ብሎ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገ። ይህ ገመና የሚሉት ነገር ስንት ሕፃን በልቶ ይሆን?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዳጪ ጉርድ ሾላ ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። እንቅልፍ አጥታ የሰነበተችው ሄሊና ድክም ብሏት ተኝታለች። ፌናን አለቀሰች። ምልኬሳ አነሳት፣ እሹሩሩ አላት፣ ጡጦ ሰጣት... እምቢ አለች። ሥራ ንቆት፣ ሰው ንቆት፣ አሁን ደግሞ ይቺ ክንድ የማትሞላ ልጅ የናቀችው መሰለው። በሁለት እጁ ጨብጦ ወዘወዛት... ወዘወዛት... ዝም አለች። ሄሊና ስትነቃ ባሏ ልጁን ታቅፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ልጅቱ ቀዝቅዛለች።

ፖሊስ ጣቢያ ወይዘሮ ዳጪ ቀድመው ተናገሩ። "ከአልጋ ወድቃ ነው ጌታዬ። ዓይኔ እያየ።"

"እማዬ፣ ተይ" አለ ምልኬሳ። "እኔ ነኝ የገደልኳት።"

"ዝም በል ልጄ..."

"አባዬ እኔን ሲቀጠቅጠኝም ሰው እንዳይሰማ ብለሽ በር የምትዘጊው አንቺ ነበርሽ። ያኔ አንድ ሰው አስገብተሽ ቢሆን ምን ነበረበት?"

አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ለቅሶ የደረሰው ጎረቤት ሁሉ "ዕድሏ ነው፤ የተጻፈላት ነው" ይላል። ዕድል ምን አደረገ? በአባቷ እጅ፣ በአያቷ ዝምታ፣ በእናቷ ፍርሃት፣ በሰፈሩ ይሉኝታ የሞተችን ልጅ በፈጣሪ ማሳበብ እንዴት አያሳፍርም? ሄሊና ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የምትጠባው ልጅ እንደሌለች ያልገባው ጡቷ ወተቱን እያፈሰሰ ጥቁር ቀሚሷን አርሶታል።