ፍጻሜ የሌለው ሰልፍ

በኤርሞና መንግሥት፣ በንጉሥ ዘንጋር ዘመን፣ አንድ ማለዳ ፀሐይ እንደ ተገመጠ ዳቦ ጎኗ ጎድሎ ወጣች። በዚያው ዕለት ግርዶ የተባለው ዘንዶ ከሰሜን ገደል ተነሣ። ግርዶ ሥጋ አይበላም፤ እስትንፋሱ ያገኘው ሰው ግን ማረሻውን ጥሎ፣ ልጁን ከጉልበቱ አውርዶ፣ «ምን ይረባል? ሁሉም ያልቃል» ይልና ይቀመጣል። ከተቀመጠ አይነሣም።

የጥንት ነቢያት በዓለት ላይ የተዉት ቃል ነበረ፤ «ፍጻሜ የሌለውን ነገር ሕዝቡ በገዛ ልቡ ያወቀ ዕለት፣ ግርዶ ይፈጸማል።» ካህናቱ ሕዝቡን ሰብስበው ይህንኑ ቃል አስዘመሩት። ዘንዶውም ዘማሪዎቹን አፋቸውን እንደ ከፈቱ አስቀመጣቸው። መድገም ማወቅ አልነበረምና።

ፍጻሜ የሌለውን ነገር በእርግጥ የምታውቅ ሳሌማ የምትባል ወጣት ሊቅ ግን በስሌት ደብር ነበረች። ልትወጣ ስትነሣ የደብሩ አለቃ ሊቀ ቀመር ኤዝራኖስ በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ ሆይ፣ የደብራችንን ሕግ ታውቂያለሽ» አሉ። «የጠለቀውን ስሌት ከቅጥሩ ውጭ የሚያስተምር፣ ሰሚዎቹ በተረዱት ሰዓት ከራሱ ልብ ይጠፋበታል፤ ዳግመኛም አይገባውም። ከልጅነትሽ ጀምሮ የደከምሽበት ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባቴ። ብቻዬን ማወቄ ግን አንድ ሰው እንኳ ከተቀመጠበት አላስነሣም።»

በበሩ ደፍ ላይ ተንበርክካ ማለች፤ «ለኤርሞና ሕዝብ ሳላስረዳ ብመለስ፣ ስሜ ከሊቃውንቱ ጋር ከተቀረጸበት ከደብሩ ዓለት ይፋቅ!»

አዛውንቱ የጦር አለቃ ጎርዳን አብረዋት ወጡ። ጭፍራቸው በሙሉ ጦሩን ጥሎ ተቀምጦባቸው፣ ብቻቸውን የቀሩ ሰው ነበሩ። በራዳማ ረግረግ የጥላ ጅቦች ሲከቧቸው፣ ሽማግሌው ሰይፋቸውን መዝዘው እየተከላከሉ ሳሌማን አሻገሩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጅብ የነከሰውን እግራቸውን ይጎትቱ ጀመር።

በየገበያው ሳሌማ ትናገራለች። ንግግሯ የደብሩ ነው፤ «እንበልና»፣ «እንግዲያስ»፣ «ስለዚህም»። ሰዉ ጥቂት ያዳምጣል፣ ያዛጋል፣ ይበተናል። ከገበያ ገበያ እንዲሁ ሆነ። ድምፅዋ ሻከረ፤ ጫማዋ አለቀ። አንድ ቀን መንገድ ዳር ቁጭ አለች።

«ምናልባት እኮ የተቀመጡት እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም ያልቃል» አለች።

ጎርዳን ደነገጡ። «ተነሺ! እስትንፋሱ ደርሶብሻል» ብለው ክንዷን ይዘው አቆሟት። «እስቲ ለእኔ አስረጂኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ወታደር ማሰለፍ ብቻ ነው የማውቀው።»

ሳሌማ ቀና ብላ አየቻቸው። «ማሰለፍ አሉኝ?»

የደቡብ በር ከሆነችው ከቀራና ከተማ ሲደርሱ ግርዶ በኮረብታው ላይ ነበር፤ የከተማው ሰውም በድካም ሊቀመጥ ጉልበቱ ታጥፏል። ሳሌማ ንግግር አላደረገችም። ሰባት ሰዎችን እጃቸውን ይዛ ጎትታ አደባባይ አወጣች።

«በእኩል ረድፍ ተሰለፉ!» ብለው ጎርዳን አዘዙ።

ሁለት ሁለት ቆሙ፤ አንድ ሰው ተረፈ። ሦስት ሦስት ሆኑ፤ አሁንም አንድ ተረፈ።

«እንዲህ በእኩል ረድፍ አልሰለፍም የሚል ቁጥር ብቸኛ ይባላል» አለች ሳሌማ። «ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። በእኩል ረድፍ የሚሰለፍ ሁሉ ደግሞ በአንዱ ብቸኛ ይሰለፋል። ብቸኞቹ ያልቃሉን?»

«ሁሉም ያልቃል» አለ ግርዶ ከኮረብታው፤ ድምፁ የመሸበት ሰው ማዛጋት ይመስል ነበር።

«እሺ፣ ያልቁ!» አለች። «ሰባትን እንኳ ለጊዜው እንተውና፣ ሁለት፣ ሦስትና አምስት ብቻ ናቸው እንበል። እርስ በርስ ሲባዙ ሠላሳ ናቸው። ሠላሳ ሰው ይውጣ!»

ሠላሳው በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት ያለ ትርፍ ተሰለፉ። ሳሌማ ዘኒራ የምትባል ሸማኔ ከዳር ስባ ጨመረቻት። አሁን በሁለት ቢሰለፉ ዘኒራ ትተርፋለች፤ በሦስትም፣ በአምስትም እሷው ትተርፋለች።

ዘኒራ ግራና ቀኝ አየች። «ከሦስቱ አንዱም አላሰለፈንም» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲያው ወይ እኛው ራሳችን ብቸኛ ነን፣ ወይ ያልቆጠርነው ሌላ ብቸኛ አለ።»

«ያንን ብጨምረውስ?» ሲል አንድ አንጥረኛ ጠየቀ።

«ጨምረው! ሁሉንም አባዛ፣ እንደ እኔ ያለ አንድ ሰው ደግሞ ዳር ላይ አቁም፤ ሌላ ይመጣል!» ዘኒራ ወደ ኮረብታው ዞራ ጮኸች። «አያልቅም! አንተ ዘንዶ፣ አያልቅም!»

ጩኸቱ ከረድፍ ወደ ረድፍ ተላለፈ። የሚደግሙት ቃል አልነበረም፤ እያንዳንዱ ለጎረቤቱ በራሱ አፍ ያስረዳ ነበር። ግርዶ አፉን ከፈተ፤ እስትንፋስ አልወጣውም። ከጅራቱ ጀምሮ እንደ ጉም ሳሳ፤ ተበተነ። በየሜዳው የተቀመጡት ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

ጎርዳን ሳሌማን ከአደባባዩ ጥግ ተቀምጣ አገኟት።

«ድል አደረግሽ፣ ልጄ!»

«አደረግን» አለች። «ለምን ነበር ግን አንዷን ሴት የጨመርነው?»

ሽማግሌው ሸማኔዋን በእጃቸው ጠሩ። ዘኒራ አጠገቧ በርከክ ብላ ከመጀመሪያው አስረዳቻት፤ እንደገናም አስረዳቻት። ሳሌማ የዘኒራን ዓይን እያየች ሰማች፤ በዚያ ዓይን ያለው ብርሃን ምን እንደ ነበር ታስታውሳለች፤ ነገሩ ግን አልመጣላትም።

«አልገባኝም፣ እህቴ» አለች በመጨረሻ። «ከወንዙ ማዶ ያሉት ገና አልሰሙም። ሂጂና ንገሪያቸው።»

ዘኒራ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች። ሳሌማም ራሷን በጎርዳን ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከደብሩ ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሰላም እንቅልፍ ወሰዳት።