የቡፌው ብርጭቆዎች

ላይ ቤት ጩኸት ሲሰማ እናትየው ታች ቤት ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክል ነበር። ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው ራሷም አታውቀውም። የታላቁ ልጇ እጮኛ በሩ ላይ ቆማ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ታላቁ ከድራሙ አጠገብ በጀርባው ወድቋል። ጭንቅላቱ ያረፈበት የድምፅ ማጉያ ሳጥን የብረት ጥጉ ደም ለብሷል። መምቻ እንጨቶቹ ከረጢታቸው ውስጥ ጎን ለጎን እንደተኙ ናቸው።

«ኧረ ጌታዬ! አሁን እኮ ሲመታ ሰምቼዋለሁ!» አለች እናትየው።

ያቺ ቃል መዝገብ ላይ ሰፈረች። በዚያች ቃል ሰው ታሰረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፤ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው ያሳደገቻቸው። ታላቁ የኤሌክትሮኒክ ድራም ይመታል፣ ታናሹ ጊታር። መድረክ ላይ የሚቆሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ግን አሥር የሆኑ ይመስለዋል። የዚያን ቀን ታናሹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከልምምድ ወርዶ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ከላይ ድራሙ ይሰማል። ዘጠኝ ተኩል ላይ ጸጥ አለ። ታናሹ የጊታር ክር ልግዛ ብሎ ተነሣ፤ በግቢው በር ሲወጣ በመስኮት አየችው። ሩብ ጉዳይ ለአሥር ላይ የድምፅ ባለሙያቸው ወደ ላይ ወጥቶ ወረደ። ትከሻው ላይ ሽቦ ስለማይጠፋ «ገመዱ» ይሉታል። አሥር ሰዓት ላይ እጮኛው ሬሳውን አገኘች።

ታላቁ እስከ ዘጠኝ ተኩል ድረስ ሲመታ ከነበረ፣ ከዚያ ወዲያ እሱ ዘንድ የወጣው ገመዱ ብቻ ነው። «አንኳኳሁ፣ መልስ ሳጣ ሽቦውን በሩ ላይ ትቼ ተመለስኩ» ቢልም ማን ይስማው።

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ መጣች። አጠር ያለች፣ ሰው ሲናገር አንገቷን ዘንበል አድርጋ የምታዳምጥ ሴት ናት። እናትየውን እጅ ነስታ ላይ ቤት ወጣች። እናትየው ታች ብቻዋን ቀረች።

ዱብ።

ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ዱብ፣ ዱብ። እንደገና ተንጫጩ። የድራም ድምፅ ግን የለም።

እናትየው ተነሥታ ወደ ቡፌው ሄደች። ልጇ ነው! ማታ ማታ እንኳ ሰው እንዳይረብሽ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ሲመታ፣ ሌላው ሁሉ ጸጥ ብሎ እግሩ ብቻ እንዲህ በጣሪያው ያልፋል። ስንት ዓመት ሙሉ ልጇ ቤት መግባቱን ያወቀችው በእነዚህ ብርጭቆዎች ነው።

«የእናት ሆድ… መጣህ?» አለች ወደ ጣሪያው ቀና ብላ።

መርማሪዋ ስትወርድ እዚያው ቡፌው ፊት ቆማ አገኘቻት።

«ምን ሆኑ እማማ? ፊትዎ አመድ መሰለ።»

«አንቺ ነሽ እንዴ ላይ የመታሽው?»

«የድራሙን የእግር ፔዳል ረገጥኩት። ማሽኑ እንኳ አልበራም። እዚህ ምን ተሰማ?»

«ብርጭቆዎቹ… እሱ ሲረግጥ እንዲህ ነው የሚሉት።»

«ስፒከሩስ? ሲጮህ አያንቀሳቅሳቸውም?»

«ኧረ በጭራሽ። አሮጌ ፍራሽ ቆርጬ ከስሩ አንጥፌለታለሁ። እግሩን ነው ማስቆም ያቃተኝ።»

ይህን ስትል እናትየው ከቡፌው ሸሸት አለች። አንድ ነገር ትዝ አላት። መርማሪዋም አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«በዚያ ቀንስ እማማ? ብርጭቆዎቹ ተንጫጭተው ነበር?»



«አላስታውስም» አለች እናትየው።

ዕድሜ ልኳን እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ምላሷ ላይ እንደ ዝገት ቀረ።

መርማሪዋ አልተጫነቻትም። ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራውን እጮኛ አስጠርታ እዚያው አነጋገረቻት።

«ድራሙ ከፋርማሲው ይሰማል?»

«መስኮቱ ክፍት ከሆነ ይሰማል። እንዲያውም ያን ቀን ስቄበታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ መድረክ ላይ እንጨት ከእጁ አምልጦት አንድ ምት ዘሎ ነበር። ያን ቀንም እዚያው ቦታ ላይ ዘለላት። ‹ሰውዬው ዛሬም ጣለው› ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ።» ዓይኗ ሞላ። «ስስቅ እሱ…»

«ሳቅሽ ኃጢአት አይደለም፣ ልጄ» አለች እናትየው። እጇን ግን ልትዘረጋላት አልቻለችም።

ታናሹ በመሃል ገብቶ፣ ጊታሩን እንደታቀፈ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። መርማሪዋ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተስ? ከመውረድህ በፊት ከወንድምህ ጋር በደህና ተለያያችሁ?»

«በደህና ነዋ! ወንድሜ እኮ ነው።»

«ኋላ ማሽኑን አብርቼ፣ በማዳመጫ እየሰማሁ የድራሙን ቀይ መምቻ ጎማ መታሁትና የአንተ ጊታር ጮኸ። ታውቃለህ?»

ክሩን የያዘው የታናሹ ጣት ቆመ። «ማሽን ነው፣ የፈለጉትን ይጭኑበታል» አለ።

ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናት እናትየው ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ቡፌው ፊት ትቀመጥ ጀመር። ብርጭቆዎቹ ዝም። ልትጸልይ ትጀምርና «አላስታውስም» ያለችው ቃል ከፊቷ ይቆማል። አንዱን ልጇን አፈር አልብሳዋለች። እውነቱን ከተናገረች ሁለተኛውንም በገዛ አፏ ልታጣ ነው። ዝም ካለች ደግሞ ያ የሰው ልጅ፣ «እማማ፣ ስፒከራችን ጆሮዎን አሳመመዎት?» እያለ የሚቀልድባት ገመዱ፣ በእሷ ቃል እስር ቤት ይበሰብሳል። አንድ ቀንማ ወንበሩን አስጠግታ «እስቲ አንዴ ምታልኝ፣ ልንገራት ወይስ ልተው?» ብላ የሞተውን ልጇን ጠየቀችው። የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

በሳምንቱ መርማሪዋ ሁሉንም በእናትየው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ገመዱም ከነካቴናው መጣ። ከስቷል።

«እንደምን ሰነበቱ፣ እማማ» አላት። ከመሬት ቀና ማለት አቃታት።

«ላይ ረዳቴ አለ» አለች መርማሪዋ። «መጀመሪያ ይህን ስሙ።»

ከላይ ድራሙ ፈነዳ። እጮኛው ጆሮዋን ያዘች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ምት ዘለለ።

«ራሱ ነው!» አለች። «ያን ቀን የሰማሁት ይሄ ነው!»

«ይሄ የቅዳሜው መድረክ ቅጂ ነው። የመታውን ሁሉ ማሽኑ ያስቀምጣል፤ አንድ ቁልፍ ከተጫኑለት መልሶ ይጫወተዋል፣ ሲያበቃ በራሱ ያቆማል። ሰው እዚያው ቦታ ላይ ሁለቴ እንጨት አይጥልም። እንጨቶቹም ከከረጢት አልወጡም። ሟቹ የዚያን ቀን መምታት እንኳ ሳይጀምር ነው የሞተው። ገፍተውት ነው የወደቀው።»

«ታዲያ ገመዱ ነዋ ያጫወተው!» አለ ታናሹ።

«ገመዱ እስከ ዘጠኝ ተኩል ሌላ ቦታ ስቱዲዮ ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር ነበር፤ ሦስቱንም አነጋግሬያለሁ። ድራሙ መጮህ ሲጀምር እዚህ ያልነበረ ሰው ነው። ደግሞስ ሙት እያስመታ ሕያው ማስመሰል ማንን ይጠቅማል? ድምፁ ሲሰማ ከምስክር አጠገብ የተቀመጠን ሰው። ወንድምህ የሚመጣውን መድረክ ብቻውን ሊሠራ ነበር፤ ውሉን አየሁት። ጊታርህን ጎማ ላይ ጭኖ አንተን ሊተውህ ነበር።»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው!» ታናሹ ከወንበሩ ተነሣ። «ያን ቀን እሱ ራሱ ቢሆንስ የመታው? እንጨቱን ደግሞ ቢጥልስ? ማን አየ?»

«ማንም አላየም» አለች መርማሪዋ። «የሰማ ግን አለ።»

ወደ እናትየው አላየችም። ላይ ድራሙ አሁንም ይጮሃል። ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ፊቱን ወደ ቡፌው አዞረ። ብርጭቆዎቹ እንደ ተሳሉ ቀጥ ብለዋል።

እናትየው ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«የዚያን ቀንም እንዲህ ነበሩ» አለች። «ቁልፍ እየተከልኩ መርፌዬ አልዘለለችም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬስ ረጋ ብሎ መታ ብዬ። ባለፈው ስትጠይቂኝ ዋሽቼሻለሁ፣ ልጄ። ጌታም አንቺም ይቅር በሉኝ።» ወደ ገመዱ ዞረች። «አንተም ይቅር በለኝ።»

«እማ!» አለ ታናሹ።

«እኔ ልዋሽልህ እችላለሁ። ወንድምህ ግን አልዋሸልህም፤ ይኸው በብርጭቆዎቹ ዝም አለህ።»

ታናሹ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ወደቀ እንጂ አልተቀመጠም።

«‹አንተ እዚህ ሳጥን ውስጥ አለህልኝ› አለኝ ማሽኑን እያሳየኝ፣ እየሳቀ፣ እማ። ‹ከእንግዲህ አታረፍድብኝም› አለኝ። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት። ወድቆ ሲቀር… እኔም እሱን ከሳጥኑ አወጣሁት። እዚህ ካንቺ ጋር ቁጭ ብዬ ስሰማው በእውነት ያልሞተ መሰለኝ።»

እናትየው ራሱን ወደ ሆዷ አስጠግታ ያዘችው። መርማሪዋ ላይ ያለውን ድራም እንዲያጠፉ በእጇ ምልክት ሰጥታ፣ የገመዱን ካቴና ራሷ ፈታች፣ ደጅ ወጥታም ጠበቀች። ማንም አላጣደፋቸውም።

ታናሹን ሲወስዱት ደረጃው ስር እግሩ ተደናቀፈና ወለሉን ክፉኛ መታው።

ዱብ።

ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። እናትየው የቡፌውን በር ከፈተች። ሰው አቧራ ልትጠርግ መስሎት ነበር። እሷ ግን አንድ በአንድ እያነሣች፣ ጠርዛቸው እንዲነካካ፣ ትንሽ ኮቴም እንዳያመልጣቸው፣ አጠጋግታ ደረደረቻቸው።