ግማሽ ሪዝ

ሟቹ አልጋው ላይ በተደራረበ ትራስ ተደግፎ ቀና ብሏል። በስተቀኝ ሪዙ ጥቅጥቅ ብሎ በቦታው አለ፤ በስተግራ ግን ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል። መርማሪዋ ብዙ አስከሬን አይታለች፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማትም። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፣ የማትገባበት ቀዳዳ የለማ! 

ከአልጋው ግርጌ የሟቹ ሚስት ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት አዋቂ ናት። የሰው ስሜት ለእሷ ማገዶ ነው፤ የተናደደ ሰው እጇን ሲጨብጣት በንዴቱ የዛገ ቁልፍ ታስከፍታለች፣ ደስ ባለው ሰው ደስታ የጠወለገ ተክል ታቀናለች። ልቡ ቀጥ ሊል የነበረውን ባሏን ግን ሁለት ዓመት ያቆየችው በገዛ ሐዘኗ ነው። በየጧቱ መዳፏን ደረቱ ላይ አሳርፋ የሞተች ልጃቸውን ታስባለች፤ ሐዘኑ ሲነሳባት የባሏ ልብ ለዕለቱ የሚበቃ ጉልበት ያገኛል፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ግን ልቡ ይቆማል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ውሰጂኝ» አለች።

«እንዴት አድርገው ገደሉት፣ እትዬ?»

«ውሰጂኝ አልኩሽ እኮ!»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» ሲል ጮኸ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ በሩ ላይ እንደ ቆመ። «በአፏ አመነች! ሰልችቷት ነው የለቀቀችው። እስር ቤት ካልገባች እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ትናንት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ከወንድሜ ጋር። ፀጉር አስተካካዩ ሲመጣ ወጣሁላቸው። የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው፣ ከተገናኙ ሲንከተከቱ ነው የሚውሉት።»

«መጋረጃውን ማን ከፈተው?»

ሰውዬው ግራ ገባው። «እንጃ። እሷ እንደሆነች አትከፍትም፤ ሥራዋን የምትሠራው በጨለማ ነው።»

ነገር በዓይን ይገባል። መጋረጃው ተገልጦ በደንብ ታስሯል። የጧት ፀሐይ በቀጥታ የሟቹ ፊት ላይ ያርፋል። ከራስጌው በላይ የሠርጋቸው ፎቶ ተሰቅሏል፤ መርማሪዋ ሄዳ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ አየችው። ከዚያ ማንንም ሳታናግር ወጣች።

ፀጉር አስተካካዩን ያገኘችው ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ እንደ ተጎለተ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሪዙን ለምን በግማሽ ተዉት?»

«መሸብኝና… ነገ እጨርሰዋለሁ ብዬ።»

«ሲመሽ የተላጨ ጠርዝ እንዲህ ቀጥ አይልም፣ ወንድሜ። ይነሱ፣ እንሂድ።»

ሦስቱንም ሟቹ ባለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እትዬ አልዋሹም» አለች መርማሪዋ። «ግን ያፈሩበትን ነገር ደብቀዋል። እጃቸው ደረቱ ላይ ሳለ ሐዘኑ ከተቋረጠ ልቡ ይቆማል። ታዲያ የልጇን ሞት የምታስብ እናት ሐዘኗን ምን ያቋርጠዋል? ድካም እንዳይባል፣ ሰው ሲደክመው ሐዘን ይብስበታል። ንዴትም ቢሆን ከሐዘን ጋር አብሮ ይነዳል እንጂ አያቋርጠውም። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። እትዬ፣ ዛሬ ጧት ስቀዋል።»

ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ሳቅሁ! ማታ ፊቱን ተሸፋፍኖ ነበር፤ ጧት በጨለማ ገብቼ ልጄን እያሰብኩ፣ ፀሐይ ወጥቶ ቀና ስል፣ በግማሽ ሪዝ ኮራ ብሎ ሲያየኝ… አመለጠኝ። ባሌ እየሞተ እኔ ሳቅሁ! ምን ዓይነት ሴት ነኝ?»

«ሰማሽ?» አለ የሟቹ ወንድም።

«አልጨረስኩም፣ ጋሼ። ፎቶውን ይዩት። ሙሽራው ከንፈሩን በስተግራ በመሐረብ ሸፍኗል፤ ሙሽሪት በሳቅ ፈርሳለች። ለሠርጉም በግማሽ ሪዝ ነበር የመጣው። ትናንት ያንኑ ፊት መልሶ የሠራ፣ ትራሱን የደራረበ፣ ፀሐዩ እንዲገባ መጋረጃውን ያሰረ ሰው እትዬ እንዲስቁ ፈልጓል።» ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። «የማን ሐሳብ ነበር?»

«የራሱ!» አለ ሰውዬው፣ እንባው እየቀደመው። «የሠርጉ ዕለት መላጫዬ ተሰብሮ እኔው ነበርኩ ያዋረድኩት። ትናንት ‹እንደዚያን ቀን አድርገኝ› አለኝ። እምቢ ብለው አስማለኝ። ‹ለእኔ ስትል ልጃችንን በየጧቱ እንደገና ትቀብራለች። ተኝቼ ስሰማት ሁለት ዓመቴ። እኔ አንዴ ልሙትና እሷ ትረፍ፤ ስትስቅ አይቻት ልሂድ› አለኝ። ምን ልበለው?»

የሟቹ ወንድም ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ወንድሙን ያውቀዋላ።

«እትዬ፣ ሞቱን ያሰናዳው ራሱ ነው» አለች መርማሪዋ። «እርስዎን የምወስድበት ምክንያት የለኝም።»

«ሳይነግረኝ?»

«ቢነግርዎ እሺ ይሉት ነበር?»

«አልለውም! በጭራሽ አልለውም!»

ብድግ ብላ መዳፏን የባሏ ደረት ላይ ጣለች። «ይኸው፣ አሁን አለኝ እኮ! ከልጄም የባሰ መጣብኝ። ለአንድ ቀን አይደለም፣ ለዓመት ይበቃሃል። ውሰደው እንጂ! ምን አባቱ ሆኖ ነው የማይወስደው?»

ደረቱ ቀዝቅዟል። መርማሪዋ ተጠግታ እጇን ቀስ አድርጋ አነሳችላት።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ሐዘን ምን ላድርገው?» አለች ሴትዮዋ።

«ምንም አያድርጉት፣ እትዬ። ያልቅሱት።»

የባሏ ወንድም መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለና ትከሻዋን ደገፈ። ሴትዮዋም ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲያው ለማልቀስ ብቻ አለቀሰች።