ከነጩ ሥር

ሰዓሊው ኤቫሪስት ሉቫል በዲዬፕ ወደብ ዳር ባለው ስቱዲዮው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የግራ አውራ ጣቱ ከቀለም ሰሌዳው ቀዳዳ አልወጣም ነበር። አጠገቡ ደም የነካው የቀለም መፍጫ ድንጋይ ወድቋል። ከፊቱ የቆመው ትልቅ ሸራ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

የፖሊስ ኮሚሳር ሎርሜል ሬሳው ዘንድ ብዙ አልቆየም። መስኮቱ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ ሄዶ ጎንበስ አለ። ብሩሾች በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተጋድመዋል። አንዱን አንስቶ አሸተተው። ሳሙና ሳሙና ይላል። ጠጉሩ እርጥብ ነው፤ ጫፉም በጣት ተሰብስቦ ሾሏል።

«እባክዎ፣ ሸራውን ማንም እንዳይነካው፤» አለች የሟች ልጅ ክሎቲልድ በሩ ላይ ቆማ። «ከፓሪስ ሥዕል አዳሽ እስኪመጣ።»

«ነጭ ቀለም እኮ ነው፣ ማድሞዜል።»

«ከነጩ ሥር እናቴ አለች። ስትሞት ሕፃን ነበርኩ። ፎቶ እንኳ ተነሥታ አታውቅም። ያለችኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው።»

ሎርሜል ሸራውን አየ፤ ከዚያም እሷን።

የሥዕል ነጋዴው ሙሴ ፋብሬግ ጓንቱን ሳያወልቅ ነው የተቀመጠው። በዋዜማው ከፓሪስ የመጣው ያንኑ የሟች ሚስት ሥዕል ለመግዛት ነበር።

«ከለከለኝ። ጮህኩበት፤ አልክድም። እኔ ሥዕሎቹን ለዓለም ሳሳይ እሱ ከኋላዬ ያጠፋቸዋል! እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል?»

«ብሩሾቹን ያጠቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? እኔ እሸጣለሁ እንጂ አላጥብም።»

ጎረቤቱ ሰዓሊ አርሴን ደግሞ የሟች የወጣትነት ጓደኛ ነው። ክፍሉ ውስጥ ብሩሾቹ ጠጉራቸው ተጣሞ የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ በሞላበት ቆርቆሮ ውስጥ ቆመዋል።

«ከርመዋል፤» አለ ሎርሜል።

«አይታጠቡማ። ኤቫሪስት ከእኔም ይብስ ነበር። ሲበቃው መሬት ላይ ወርውሯቸው ይሄዳል። ልዑል!»

«ይቀኑበት ነበር?»

«እንዴት አልቀና? ሁለታችንም የጀመርነው ድንጋይ ከሰልና ዝናብ በመሳል ነው። እሱ ደቡብ ከርሞ ቀይ ቀለም ይዞ ተመለሰ። የሚስቱን ጉንጭ አረንጓዴ ቀባው። ፓሪስ ሳቀችበት፤ ወዲያው ደግሞ ተሻማችበት። ከዚያ ሰዎቹን ከሥዕሉ አስወጣ፤ ቀጥሎ ጀልባዎቹን፤ ቀጥሎ ቀለሙን ራሱን። ነጭ ብቻ ቀረ። በመጨረሻ ‹ውሸት ናቸው› እያለ የድሮዎቹን ማጥፋት ያዘ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አሁንም ዝናብ ላይ ነኝ።»

ሬሳው ከወጣ በኋላ ሎርሜል ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ሉቫል የተመታው እየሠራ ነው። ሰሌዳው ከእጁ አልወጣም። ስለዚህ ብሩሾቹ የታጠቡት ከሞተ በኋላ ነው።»

«ደም ነክቷቸው ይሆናላ!» አለ ፋብሬግ።

«ደም ያለበት ድንጋይ እንደወደቀ ቀርቷል። ማስረጃ የሚያጠፋ ሰው ድንጋዩን ትቶ ብሩሽ አያጥብም። ይህን ሰው ያሳጠበው ፍርሃት አይደለም፤ ልማድ ነው። እርስዎ፣ ሙሴ ፋብሬግ፣ ብሩሽ አይነኩም። ሙሴ አርሴን አኳራጅ ውስጥ ነክረው ይረሷቸዋል። እነዚህ ግን በሳሙና ታጥበው ጫፋቸው በጣት ተስተካክሏል። ሉቫል የሚጥለውን ዕለት ዕለት እያነሣ የሚያጥብ ሰው ነበረ። ማን ነው?»

አርሴን ወደ መሬት አየ።

«ቀለም ከደረቀባቸው ይበላሻሉ፤» አለች ክሎቲልድ። «መሬት ላይ ሳያቸው አነሣኋቸው። ሌላ አላሰብኩም።»

«ለምን መቱት?»

«ስገባ ነጩ ሸፍኗት ነበር። ተው አልኩት። ለመንኩት። ‹እሷም ውሸት ናት› አለኝ፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ይሁን፣ እሰሩኝ። ግን ነጩ ሳይደርቅ ከተነሣ ትወጣለች። አንድ ጊዜ ልያት።»

«ልጄ፤» አለ አርሴን። «ትናንት ገበያ ሄደሽ ሳለ ፍቀናታል። ሸራውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። እስከ ጨርቁ አስለቀቃት። ፍቅፋቂውን ምድጃ ውስጥ ጨመርነው።»

«ውሸት።»

«ሌሎቹንም ሳይፍቅ አልቀባም። ታውቂያለሽ።»

«እሷን ግን አይፍቃትም ብዬ ነበር! ይሸፍናት ይሆናል እንጂ...»

ወደ ሸራው ሄደች። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሊይዛት ተንቀሳቀሰ፤ ሎርሜል በእጁ ምልክት አስቆመው። በእጅጌዋ የሸራውን መሃል፣ ፊት በሚኖርበት ቦታ፣ አንድ ጊዜ ጠረገች። የተራቆተ ጨርቅ ብቅ አለ። ትንሽ ወደ ግራ ጠረገች። ጨርቅ። ወደ ታች፣ የእናቷ እጆች ተጣጥፈው ይታዩ ወደነበረበት። ጨርቅ። ሌላኛውን እጅጌዋን ሰብስባ ከላይኛው ጥግ ጀመረች፤ ማንም አልከለከላትም፤ እሷም ነጩን ሁሉ እስክትጨርስ አላቆመችም።